ጁባ፤ ነፋስና ወንዝ የመሠረቱት ወደብ

ጁባ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ናት፤ የተቈረቈረችውም በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለሥራ ወደዚህች ከተማ የሚመጣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚሰማው ሙቀቷ ነው፤ ቀጥሎም የአገሩ ሰዎች ከየጎረቤቱ አገር ከመጡ ነጋዴዎች ጋራ የሚገበያዩበትን ገበያ ያያል። ከነጋዴዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙዎች ስለ ሆኑ እንጀራና ቡና ለማግኘት አይቸገርም። ነገር ግን ከተማይቱ ስለ ምን በዚህ ስፍራ እንደ ተሠራች ለማወቅ የሚወድ ሰው ገበያውን ትቶ ወደ ወንዙ ዳር መውረድ ይገባዋል።

በዚያ ቆሞ የሚመለከት ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። ውሃው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ በበጋ ወራት ግን ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ሸራውን የዘረጋ ጀልባ በነፋስ እየተገፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲመለስ ደግሞ ሸራውን አውርዶ ከውሃው ጋራ ይወርዳል። የእንፋሎት መርከብ ሳይመጣ ከካርቱም እስከዚህ ድረስ መመላለስ የተቻለው፣ መውጫውን ነፋስ፣ መመለሻውንም ወንዝ ስለ ሰጡ ነው። በእኛ አገር በባሮ ወንዝ ላይ ያለችው ጋምቤላ መርከብ የምትቀበለው በክረምት፣ ወንዙ በሞላ ጊዜ ነበር፤ በዚህ ግን ጀልባዎቹን ያመጣቸው የበጋው ነፋስ ነው።

(ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ የላከው ሰሊም የተባለ የባሕር መኰንን በኖቬምበር 1840 ከካርቱም ተነሥቶ፣ በጃንዩዌሪ 1841 ዛሬ ጁባ ካለችበት አካባቢ ደረሰ። ከዚያ ወደ ላይ ወንዙ በድንጋይ መካከል እየተናወጠ ስለሚወርድ ለጀልባ አያመችም። ስለዚህም ከዛሬዋ ጁባ በስተሰሜን፣ በምሥራቁ ዳር የሚገኘው ጎንዶኮሮ የጀልባዎች መጨረሻ ማረፊያ ሆነ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ጋራ በዲሴምበር 18 ቀን 1862 በሦስት ጀልባዎች ከካርቱም ተነሥቶ፣ በፌብሩዌሪ 2 ቀን 1863 ጎንዶኮሮ ገባ። ጕዞው 46 ቀን ፈጀ ማለት ነው።

በነፋስ ጕልበት የሚጓዝ ሰው ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። አንደኛው፣ ነፋሱን የምይዝበት ጨርቅ ምን ዓይነት ቅርጽ ይኑረው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነፋሱ የሚወስደኝ ወዴት ነው፤ ስፍራውስ ይበጀኛልን? የሚል ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የዓባይ ጀልባ ሠሪዎች መልስ ነበራቸው። «ኑጋር» የሚባለው የጭነት ጀልባ ከአጫጭር የግራር ሳንቃዎች እየተጋጠመ ይሠራ ነበር፤ ሰፊ ሆኖ በአሸዋ ደለል ላይ እንዲያልፍ ተብሎ የተበጀ ነው። ሸራው ባለ ሦስት ማዕዘን ሲሆን የሚሰቀለው በጣም ረጅም በሆነ ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ መርዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ከውሃው አጠገብ ደንገሉና ዛፉ ነፋሱን ይከለክሉታል፤ ከፍ ሲል ግን ነፋሱ ያልተቈራረጠና ብርቱ ይሆናል።

ይህንኑ ምሥጢር ዛሬ በበረዶ አገር ያሉ ሰዎች በሌላ መልክ ይሠሩበታል። እንደ ኖርዌይ ባሉ አገሮች፣ በእግራቸው የበረዶ መንሸራተቻ አጥልቀው፣ በገመድ በተያዘ ትልቅ ካይት እየተሳቡ ሰፊውን አምባ የሚያቋርጡ አሉ። ካይቱም ሁለት ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው ከጨርቅ ብቻ እንደ ከረጢት ተከፋፍሎ የተሰፋ ነው፤ ነፋሱ በፊት በኩል ባለው ክፍተት ገብቶ ያደነድነዋል፤ ታጥፎ በትከሻ ለመሸከም ስለሚቀል ለበረዶ መንገደኛ ይመቻል። ሁለተኛው በፊተኛው ጠርዙ በአየር የሚነፋ ቱቦ ያለው ነው፤ በውሃ ላይ ቢወድቅ አይሰጥምም። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ለማስመዝገብ ለጋኙ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1984 የፈጠራ ባለመብትነት ጠይቀዋል። ነፋሱ ሲበረታ ትንሹን፣ ሲደክም ትልቁን መምረጥ የባለሙያው ልማድ ነው፤ በጭንቅ ጊዜም ካይቱን ኃይል የሚያሳጣ መልቀቂያ ከእጁ አይለይም።

ሆኖም ካይቱ ምንም ያህል ቢያምር ስፍራው ካልተመረጠ ጥፋት ነው። ዐዋቂው መንገደኛ ነፋሱ ወደሚወስደው ወገን ገደል፣ ድንጋይ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳለ አስቀድሞ ይመረምራል፤ በረዶ ከሚናድበት ተዳፋት ይርቃል፤ በረዶ የሸፈነውን ሐይቅ ጽናቱን ሳይለካ አይረግጥም፤ ነፋሱ ቢቆም በእግሩ የሚመለስበትንም መንገድ ሳያስብ አይነሣም።

በነጭ ዓባይ ላይም ሕጉ ይኸው ነበር። ከጁባ በስተሰሜን ያለው፣ ዐረቦች «ሱድ» ብለው የሚጠሩት ረግረግ የጀልባ ነጂዎች ዋና ፈተና ነበር። ወንዙ በዚያ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ የበጀው ነፋስ ባንዱ መታጠፊያ ላይ ጠላት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሰዎቹ ጀልባውን በገመድ ይጎትታሉ። ከሥሩ ተነቅሎ የሚንሳፈፈው ደንገልም ተከማችቶ መንገዱን ይዘጋል። ቤከር በ1870 ዳግመኛ ሲመጣ ወንዙ በደንገል ተዘግቶ ስላገኘው ለመመለስ ተገደደ፤ ጎንዶኮሮ የደረሰው በሚከተለው ዓመት፣ በኤፕሪል 1871 ነው።

አንባቢ ሆይ፤ እስካሁን የተናገርነው ለመንገደኛው ስለሚበጀው ስፍራ ነው። በዚያ ስፍራ ይኖር ለነበረው ሰው ግን ነፋሱ ምን አመጣለት? ጎንዶኮሮ የባሪ ሕዝብ ምድር ነው። በበጋው ነፋስ የሚመጡት የካርቱም ነጋዴዎች የዝሆን ጥርስ ፈላጊዎች ነን ቢሉም ብዙዎቹ ከብት ይዘርፉ፣ ሰውንም ለባርነት ይወስዱ ነበር። ቤከር እንደ ጻፈው፣ ነጋዴዎቹ በጎንዶኮሮ የሚቀመጡት በዓመት ሁለት ወር ያህል ነበር፤ ጀልባዎቹ ተጭነው ሲመለሱ ስፍራው ባዶ ይቀራል። በዚያው ወንዝ የወንጌል መምህራንም መጥተው በ1850ዎቹ ዓመታት በጎንዶኮሮ ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በበሽታ ስላለቁ ሥራው ተቋረጠ። መምህሩንና ዘራፊውን ያመጣው ያው ነፋስ ነው፤ ነፋስ የጫነውን አይመረምርምና። ስለዚህ አንድ ወደብ ለጀልባ ደኅና ነው ሲባል፣ ለማን ደኅና እንደ ሆነ ጨምሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጎንዶኮሮም ለጤና የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ ጎርደን በ1874 ጣቢያውን ወደ ላዶ አዛወረው። በ1899 እና በ1900 ሻለቃ ፒክ የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን የሱድን ደንገል እያስቈረጠ መንገዱን ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው የእንፋሎት መርከብ ሆነ፤ የሸራው ዘመን አለፈ። ጁባ በ1920ዎቹ ዓመታት ከተማ ሆና ማደግ ጀመረች፤ በጁላይ 9 ቀን 2011 ደግሞ የነፃ መንግሥት ዋና ከተማ ሆነች። በ2022 የተከፈተው የነፃነት ድልድይ ዛሬ ሁለቱን ዳር ያገናኛል።

ወደ ጁባ የሚሄድ ባልደረባችን ጊዜ ቢያገኝ በበጋ ማለዳ ወደ ወንዙ ይውረድ። በገዛ ግምቱ ግን ወደ ውሃው አይግባ፤ አዞ አለና፤ የት መቆም እንደሚበጅ የስፍራውን ጀልባ ነጂዎች ይጠይቅ። ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር ነፋሱን በጕንጩ ይሰማዋል። ያ ነፋስ ዛሬ ነጋዴ አያመጣም፤ ባሪያ ፈንጋይም አያመጣም። በውሃው ላይ የሚወጣውና የሚወርደው አብዛኛው በሞተር ነው፤ ይሁን እንጂ ወዴት እንደሚሄድና ለማን እንደሚበጅ የሚወስነው እንደ ቀድሞው ሰው ነው።