ለማን የተሰናዳ መዝገበ ቃላት?

በጋምቤላ የሚነገረው ኑዌርኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የረጃፍ የቋንቋ ጉባኤ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። መዝገበ ቃላትም አለው፤ አባ ኪገን ያዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ታትሟል። የክልሉ ሌላ ቋንቋ አኙዋክኛም እ.ኤ.አ. በ1999 የሜችቲልድ ሬህን መዝገበ ቃላት አግኝቷል። ሁለቱም ግን የሚፈቱት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚያገለግሉት ቋንቋውን የሚማረውን እንግዳ እንጂ የሚጽፍበትን ባለቤት አይደለም። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) አማርኛን በአማርኛ ይፈታል፤ የሚያመነታ ጸሐፊ የሚሻው እንዲህ ያለውን ነው።

«ወጣቱ እንግሊዝኛ ይችላል» የሚል አይጠፋም። ይቻል! የጋምቤላ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማው ሰፈር ከኒውላንድ ተነስቶ የክልሉ ቢሮ ለመድረስ በለንደን መዞር ምን ይሉታል? መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ዓመታት ይፈጃል ቢባልም፣ የትምህርት ቤት ቃላትን ብቻ በኑዌርኛ ፈትቶ መጀመር ይቻላል።

የኒውላንድ መምህራንና ጋዜጠኞች፣ እናንተ ስትጽፉ ቃል ሲያጠራጥራችሁ ምን ትገልጣላችሁ?