ቦርሳህ ከጀርባህ አይውረድ

ለምወድህ ልጄ፤

በስልክ ስነግርህ «እሺ አባዬ» ብለህ ወሬ ስለምትቀይርብኝ ጻፍኩልህ። ሳትወጣ አንብበው።

ለመስቀል ማግስት ካስኬድ ተራሮች ላይ ድብ ልታድኑ እንደምትወጡ ስትነግረኝ አልከለከልኩህም። ፈቃድህን አውጥተሃል፤ ጥቁሩን ድብ ከግሪዝሊ ለይተህ እንደምታውቅም ተፈትነህ አልፈሃል። ጠመንጃው አያሳስበኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ያ ጓደኛህ ባለፈው እሑድ ከአንተ ጋር መጥቶ ቡና ሲጠጣ የተናገረው ነው። «ከመኪናው ብዙ አንርቅም፤ ይሄን ሁሉ ሸክም ምን ያደርግልናል?» አለ። ልጁ ደግ ነው፤ አልጠላሁትም። እናትህ እንዳትደነግጥ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ያ ቃል እንደ እሾህ ወግቶኛል።

ድብ በዚህ ወራት ለክረምቱ ስብ ሊያጠራቅም ሲበላ ነው የሚውለው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቢገጥማችሁና ቢወድቅላችሁ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ጠጉሩና ስቡ ሙቀት ስለሚይዝ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል፤ ሌሊቱን ስትገፍፉና ስትበልቱ ታድራላችሁ። የቆሰለ ከሆነማ የባሰ ነው። ታዲያ መብራቱ፣ ትርፍ ባትሪው፣ በላስቲክ የተጠቀለለው ክብሪት፣ ሸራው መኪና ውስጥ ከቀሩ ምን ይሠሩልሃል? ለድብ የሚረጨው የበርበሬ ጣሳ ግን ወገብህ ላይ ይሁን፤ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ አይደርስልህም። እመብርሃን ከፊትህ ትቅደም።

እናትህ ጋቢ ጠቅልላ ትሰጥሃለች። መርቃ ስለምትሰጥህ ተቀበላት፤ ግን መኪናው ውስጥ ተወው። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ከራሰ ሙቀትህን ይወስድብሃል። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። እኛ መንዞች በርኖስ የምንደርበው ወደን አይደለም።

የአባቴ በርኖስ ጥቁር ነበር። ዝናብ ሲመታው በግ በግ ይሸታል፤ ሲያትል በዘነበ ቁጥር ያ ሽታ እስከ ዛሬ ይመጣብኛል። አጎትህን ያጣን ዕለት ደርቦት ነበር። የጠፉ በጎች ልንፈልግ ወደ ጓሳው ልንወጣ ስንል «ቅርብ ነው፤ ይከብድሃል፤ ተወው» ያልኩት እኔ ነኝ። ታላቁ ስለነበርኩ ሰማኝ። አጥሩ ላይ ሰቅሎት ተከተለኝ። ከቀትር በኋላ ጉሙ ወረደ፤ በረዶው ተከተለ። የቀረውን ታውቃለህ። አያትህ ያን በርኖስ ለማንም ሳታለብስ ለምን እንደሞተች ግን ነግሬህ አላውቅም። ተወው ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷም ታውቅ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ክፉህን አያሳየኝ፣ የእኔ ጌታ።

ሌላውን ታውቀዋለህ። ፊሽካ አንገትህ ላይ አንጠልጥል፤ ከጠፋህ ሦስት ጊዜ፣ ቆየት ብለህ ደግሞ ሦስት ጊዜ ንፋ። ብርቱካናማውን ሰደርያ አታውልቅ። የምትገቡበትን ጫካና የምትመለሱበትን ቀን ጽፈህ ስጠን። ጥሬ ሥጋ እንደማታልፍ አውቃለሁ፤ ከድብ ግን እንዳትቀምስ። ትሪኪኔላ የሚባል ትል ይገኝበታል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢከርም እንኳ የማይሞት ዓይነት አለው። መሀሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ካልበሰለ አፍህ አይግባ። መብላቱ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከር፤ እኔ አልገባበትም።

ትንሽ ሆነህ እዚሁ ሲያትል ፓርክ ውስጥ ከጀርባዬ ተፈናጥጠህ «አባዬ፣ ተራራው ስንት ቀን ያስኬዳል?» ትለኝ ነበር። በደመና መሀል የሬኒየርን ተራራ እያሳየሁህ ሩቅ ነው እልህ ነበር። አንተን ስሸከም ከብዶኝ አያውቅም። አሁን ተራራ በራስህ እግር ትወጣለህ። የአባቶቼ አምላክ ይጠብቅህ፤ በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬልሃለሁ። አንዱን ለጓደኛህ ስጠው፤ ያለው አይመስለኝም።

አባትህ