ከሞጆ እስከ ሐዋሳ፦ ብቻዬን በብስክሌት ወደ እናቴ ቤት

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ምሳውን ሐዋሳ ሊበላ ይችላል። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ የምናውቀው በመኪና መስኮት ነው። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት እንገዛለን፣ ባቱ ላይ ዓሣ እንበላለን፣ ከዚያ ልጆቹ «አልደረስንም?» እያሉ ሻሸመኔ ይመጣል። እኔም እናቴን ልጠይቅ ስመላለስበት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ግን ብቻዬን፣ በብስክሌት ልሄደው ተነሥቻለሁ።

ለምን ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሜ የደም ስኳሬን አይቶ «ከወንበር ተነሣ» አለኝ፤ ሩጫው ጉልበቴን ስላመመኝ ብስክሌት ገዛሁ። ቅዳሜና እሑድ ስነዳ ቆየሁና አንድ ቀን፣ ይህ እግር የሚያደርሰኝ እስከ ሱሉልታ ብቻ ነው ወይስ እስከ እማዬ ቤት? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ ቤተሰብ

ረጅም መንገድ ለብቻው ለሚነዳ ባለትዳር ትልቁ ዝግጅት ጎማና ፍሬን አይደለም፤ የቤት ሰው ነው። ባለቤቴ ሐሳቡን ስነግራት አልተቆጣችም። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጆቹ አባት ያስፈልጋቸዋል» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያቺን ቃል በክርክር ማሸነፍ አይቻልም። የሚቻለው አደጋውን አንድ በአንድ ቆጥሮ መቀነስ ነው።

ለዚህ ወደ ታላቅ ወንድሜ ሄድኩ። ጋሼ በሞያሌ መስመር ብዙ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። የሚያስቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ወረቀት አውጣ አለኝ። «ተሳቢ ያለው መኪና ሲያልፍህ ፊቱ አይደለም የሚጎዳህ፣ ጭራው ነው። ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ቀጥሎ ይስብሃል። መሪህን አጥብቀህ ያዝ፣ እንዳትወዛወዝ» አለኝ። ቀጥሎም ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲተላለፉ ሹፌሮቹ የሚቆጥሩት ሁለት መኪና ብቻ እንደሆነ፣ ብስክሌተኛው ሦስተኛ ሆኖ እንደማይታያቸው አስረዳኝ። «እንደዚያ ሲመጡብህ አትከራከር፣ ከአስፋልት ውረድ።»

በመጨረሻም አንድ ነገር ከለከለኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ ያለውን 70 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በብስክሌት እንዳልነዳ። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት አይፈቀድም፤ በቢሾፍቱ የሚያልፈው የድሮው መንገድ ደግሞ በከባድ መኪናና በከተማ ትራፊክ የተጨናነቀ ነው። እውነት ለመናገር ከደጃፌ ተነሥቼ እስከ እናቴ ደጃፍ መንዳት ነበር ምኞቴ። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። የምሄደው እናቴን ልጠይቅ እንጂ ማንንም ላሸንፍ አይደለምና ብስክሌቴ በመኪና ላይ ታስሮ ሞጆ ይደርሳል፤ ከዚያ ያለው 205 ኪሎ ሜትር የእኔ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ካርታውን ወደ ራሷ ሳበችው። እሺታዋን ያየሁት ያኔ ነው።

መንገዱን በከፍታ ማንበብ

ብስክሌተኛ መንገድን በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም፤ በዳገትም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ። ይህን ያየ ሰው መንገዱ ቁልቁለት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ከሞጆ እስከ ባቱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረጅሙ ቀን ይህ ቢሆንም አብዛኛው ሜዳ ነው። የቆቃ ሐይቅ አካባቢ ታልፎ መቂ ላይ ይታረፋል፣ ከዚያ የደምበል ሐይቅ ዳርቻ ይቀጥላል። ሁለተኛው ቀን ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አጭር ይመስላል፣ ከባዱ ግን እሱ ነው። ባቱ 1,640 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን አርሲ ነገሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች። በአንድ በኩል ላንጋኖን፣ በሌላ በኩል አብጃታንና ሻላን ይዞ በግራር መካከል የሚያልፈው ይህ መንገድ ለዓይን ከሁሉም ያማረ ነው፤ ዳገቱም የሚጠብቀው እዚያ ነው። ሦስተኛው ቀን ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ ለመግባት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይበልጡም ቁልቁለት ነው።

ጓደኞቼ በሦስት ቀን መክፈሌን ሲሰሙ «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» ብለው ተረቱብኝ። ተረቱን ወድጄዋለሁ። በብስክሌት ሩቅ የሚደርሰው ቅርብ እያደረ የሄደ ነው።

ወሩን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ጥቅምት ላይ ክረምቱ ወጥቷል፣ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ የስምጥ ሸለቆው ሙቀትም እንደ የካቲትና መጋቢት አይበረታም። ያም ሆኖ የቀትር ፀሐይ አይናቅም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሣት፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ጥላ መፈለግ፣ ሳይመሽ ማደሪያ መግባት፤ በጨለማ ፈጽሞ አለመንዳት። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመነሣቴ በፊትና በየጠዋቱ ቀጥሎ ባለው ከተማ ወዳለ ሰው ደውዬ አረጋግጣለሁ። ደህና ካልሆነ ብስክሌቱ ተመልሶ መኪና ላይ ይወጣል። ይህም ከባለቤቴ ጋር የተስማማንበት ነው።

እግርን ማለማመድ

ልምምዴ ክረምት ላይ ዋለ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋትን ተጠቀምኩበት። በ30 ኪሎ ሜትር ጀምሬ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመርኩ፣ በየአራተኛው ሳምንት እየቀነስኩ ሰውነቴን አሳረፍኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ሁለት ቀን በተከታታይ መንዳት ነው። ቅዳሜ 50 ኪሎ ሜትር ነድቶ እሑድ እንደገና ኮርቻው ላይ መቀመጥ፣ አንድ ቀን 80 ከመንዳት ይበልጣል። የረጅም ጉዞ ጥያቄ «ዛሬ እችላለሁ ወይ?» ሳይሆን «ነገስ?» ነውና።

መጨረሻ ላይ ሻንጣውን ሙሉ ጭኜ ነዳሁ። ዕቃ የተጫነ ብስክሌት ሌላ ብስክሌት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ለመቆም ይዘገያል፣ መታጠፊያ ላይ ይከብዳል። ይህን ሰፈር ውስጥ ማወቅ ይሻላል።

ስንቅና ዕቃ

ለመንገድ የሚሆን ምግብ ፍለጋ ሱፐርማርኬት መዞር አያስፈልግም። በሶ አለን። ውሃና ማር ሲገባበት ጉልበት ይሰጣል፣ ሙቀት አያበላሸውም። ጭኮ ትንሹ ቁራሽ ብዙ ያስኬዳል። ቆሎ በኪስ ይያዛል፣ ሙዝ በየከተማው ይገኛል። ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል፣ ሲሞቅ ከዚያ በላይ፤ ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ከፋርማሲ የሚገዛ ኦአርኤስ ጥቂት ከረጢት ይዣለሁ። እንደ እኔ የስኳር ጉዳይ ያለበት ሰው ደግሞ በሶውንና ማሩን ከመቋጠሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ስለ ጎማ አንድ ምክር ልጨምር። በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ በከተሞቹ መካከል ግን የለም። ስለዚህ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ የእጅ መንፊያና መፍቻ ያስፈልጋል። የካላማዳሪያ አፍ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ልብ ይበሉ። ቀጭኑ አፍ የጎሚስታው መንፊያ አይገጥመውም፤ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም አፍ ያለው ግን የትም ይነፋል። በሩቅ መንገድ ወፍራሙን መምረጥ፣ ካልሆነም ትንሿን ማገናኛ መያዝ ብዙ ጣጣ ያድናል። ሄልሜት፣ የኋላ ቀይ መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያ የግድ ናቸው። ኋላን የምታሳይ ትንሽ መስታወት ደግሞ የጋሼ ስጦታ ነች።

እማዬ ስትሰማ

ሳልነግራት ድንገት በሯን ላንኳኳ አስቤ ነበር። ባለቤቴ «ድንገተኛ ነገር ለእናት ደስታ አይደለም» ብላ መለሰችኝ። ደወልኩላት።

«መኪና እያለህ በብስክሌት? ሰው ምን ይለኛል? ልጇ ደኸየ አይሉም?» አለች።

ኢትዮጵያ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1949ኙ የሜልቦርን ኦሊምፒክ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት እንደተወዳደሩ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ነገርኳት። «እነሱ ልጆች ናቸው፣ አንተ የልጆች አባት ነህ» አለች። ስልኩን ከዘጋን ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ባቱ ያለችው አክስቴ ደወለች፤ «መኝታህን አዘጋጅቻለሁ፣ ራትህ ዓሣ ነው ወይስ ዶሮ?» በማግስቱ አርሲ ነገሌ ያሉት የእማዬ የአጎት ልጅ ደወሉ። እኚህን ሰው ያየኋቸው በሠርጌ ቀን ነው። በመኪና በደጃቸው ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ልቆጥረው አልችልም፤ አንድም ቀን አልቆምኩም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው ዘመድ አይጠይቅም፤ በሰዓት 15 የሚሄድ ግን ማደሪያ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የጉዞዬ መርሐ ግብር አሁን በከተማ ሳይሆን በሰው ስም ተጽፏል። የመጀመሪያው ሌሊት አክስቴ ቤት፣ ሁለተኛው የእማዬ አጎት ልጅ ቤት፣ ሦስተኛው እማዬ ቤት። ባለቤቴና ልጆቼ ቅዳሜ በመኪና ሐዋሳ ይመጡና አብረን እንመለሳለን፤ ብስክሌቱም ከላይ ይታሰራል። የባቱን ራት በተመለከተ ዓሣ ብያለሁ።