ሳልጠይቃት ያለበስኩት መደብ

በጓሮ አትክልት ምክንያት ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተኳርፋችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ተኳርፈናል።

ባለቤቴ ከቤታችን ጀርባ ባለች ትንሽ መደብ ላይ ጎመንና ቃሪያ ትተክላለች። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ከበርሜል እየቀዳች በየማታው የምታጠጣው እርሷ ነበረች። እኔ ግን «ይህ ሁሉ ውኃ ለጎመን!» እያልኩ አጉረመርም ነበር። አንድ ቀን ጉዝጓዝ ውኃ ይቆጥባል ሲባል ሰማሁና ሳላማክራት አንድ ጆንያ የጤፍ ጭድ ገዝቼ መደቡን ሞላሁት። ያውም በደረቅ አፈር ላይ፣ እስከ ችግኞቹ አንገት ድረስ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቃሪያዎቹ ጠወለጉ። ጭዱን ስንገልጠው ከላይ የምታፈስሰውን ውኃ ጭዱ ጠጥቶት አፈሩ ዱቄት ሆኗል። አንገታቸው ላይ የተለጠፈው እርጥብ ጭድ ደግሞ ግንዳቸውን አበስብሶታል። ከዘር ጀምራ ያሳደገቻቸው ነበሩ። «ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለችኝና ገባች። ያን ማታ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋትና አብረን እንደ አዲስ ጀመርን። እናንተም ብትሞክሩት እንዲህ አድርጉ፦ በመጀመሪያ አረሙን ንቀሉ፤ አፈሩንም እስኪጠግብ አጠጡ። ከዚያ ደረቅ ጭድ ወይም ቅጠል ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አልብሱ። በእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ ግን አራት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። ዘር የያዘ ሣር አታልብሱ፤ አረም መዝራት ይሆንባችኋል። እርጥብ ሣር ከሆነ አስቀድሞ ይድረቅ፤ በወፍራሙ ከተከመረ ይግላል፣ ይበሰብሳልም። ስታጠጡም በተከፈተው በኩል አፍስሱ፤ አፈሩ መራሱን በጣታችሁ እያረጋገጣችሁ። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ቀንድ አውጣ ስለሚጠራ አሳሱት። ከሥር የበሰበሰው ጉዝጓዝ ለአፈሩ ምግብ ስለሚሆን ሲሳሳ ከላይ ጨምሩበት።

ዛሬ የምናጠጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ የምንቀዳውም በተራ ነው። ውኃ ቆጥበናል። እኔ ግን አሁንም የማስበው ያን ማታ ዝም ያለችውን ባለቤቴን ነው። ክፉ አላሰብኩም ነበር፤ ነገር ግን የእርሷን ድካም ሳልጠይቃት ሸፈንኩት።

እናንተስ ለቤታችሁ ይጠቅማል ብላችሁ ያደረጋችሁትን ነገር አስቀድማችሁ ተመካክራችሁበታል? ካልሆነ፣ እስቲ ዛሬ ማታ ጠይቁ።