አይሮፕላን ከመግዛትህ በፊት

አሜሪካ የሚኖር ወዳጄ የግል አብራሪነት ፈቃድ ካገኘ ወዲህ፥ ሰው በቤቱ የሠራውን አሮጌ አይሮፕላን ለመግዛት ያፈላልጋል። «የአቃቂው ልጅ፥ ምን ትመክረኛለህ?» ቢለኝ እንዲህ ስል ጻፍሁለት።

በቅሎ የሚገዛ ጥርሷን ያያል፤ አንተ ግን ሠሪውን እይ። ነፍስህ የምትንጠለጠለው እሱ ባጠበቀው ብሎን ነውና። በዚያ አገር ሕግ ሠሪው አይሮፕላኑን በየዓመቱ የመመርመር ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን ከአይሮፕላኑ ጋራ አይሸጥም።

እኛ አቃቂዎች ይህን ከ«ፀሐይ» ተምረናል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋራ እዚሁ ሠርቷት በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ በዚያው ዓመት በኢጣልያ እጅ ወደቀች። በ2016 ዓ.ም. አካሏ ተመለሰ፤ የሠሯት እጆች ግን አልተመለሱም።

ስለዚህ ወዳጄ፥ ሠሪው በሕይወት ሳለ ሂድ፤ ከዋጋው አስቀድመህ የሥራ መዝገቡንና ዕውቀቱን ጠይቅ።