ማን አዘዘኝ?

በቅርቡ የመጨረሻዋ ልጃችን ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ስሪ ዲ ፕሪንተር የሚባለው ማሽን የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ክር እያወጣ፣ ስስ ድርብርብ እያነባበረ ኩባያ ይሠራል። የስሪ ዲ ፕሪንተርን ፈር ከቀደዱት አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ኸል እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ የሠራውም ትንሽ የዓይን መታጠቢያ ኩባያ ነበር። ዛሬ በዚህ ማሽን የሚሠሩ ብዙዎች ዕቃ አምርተው መጋዘን አይሞሉም፤ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ይሠራሉ።

«ካልታዘዘ አይሠራም ማለት ነው?» አለችና ዝም አለች። ቆይታም፣ «እማዬ፣ እኔንስ ማን አዘዘኝ?»

ክው አልኩ። አንድ ቀን ለጓደኛዬ «ሳናስባት የመጣች ናት» ስል ሰምታኛለች ለካ።

እውነት ነው፤ እኔና አባቷ አላዘዝናትም። ኑሮም አገልግሎትም በከበደን ጊዜ ነበርና ማርገዜን ሳውቅ አልቅሻለሁ። እቅፍ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም ኤፌሶን 2፥10ን አብረን አነበብን። ማሽኑ የሰው ትእዛዝ ይጠብቃል፤ እግዚአብሔር ግን ማንም ሳያዘው፣ ወዶ ሠራን። የምንሠራውን መልካም ሥራ እንኳ አስቀድሞ አዘጋጅቶልናል።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ «ሳናስበው መጣ» የምትሉት ልጅ አላችሁ? ዛሬ አጠገባችሁ አስቀምጡና ንገሩት፦ እኛ ባናስብህም ጌታ አስቦሃል።