ልጁ እጃችን ላይ ነበር

ሕፃን በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ይመጣል፤ በአሥራ አምስት ወሩም ለሁለተኛው ዙር ይመለሳል። ይመዘናል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል፣ ይወጋል፣ እያለቀሰ በእናቱ ጀርባ ይወጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ልጁ እጃችን ላይ ነበር። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? ሲስቁለት መልሶ ይስቃል? እነዚህ ጥያቄዎች የኦቲዝምን ምልክት ሊጠቁሙ ይችላሉ፤ ለመጠየቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ግን ማንም ሳይጠይቅ እናትና ልጅ ይሸኛሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዱከም ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል። እናት ፋብሪካ ፈረቃ ትገባለች፤ ልጁ አያቱ ወይም ጎረቤት ዘንድ ይውላል። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ይባላል። ሁለት ዓመት ያልፋል። «የሰው ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው» ይባላል፤ ሦስተኛው ዓመት ያልቃል። አጸደ ሕፃናት «አይቀመጥልንም» ብሎ ሲመልሰው በር ይዘጋበታል፤ እናቱም የማን እርግማን እንደሆነ ለብቻዋ ታሰላስላለች። አእምሮ ፈጥኖ የሚማርባቸው ዓመታት በዚህ መሀል ያልፋሉ፤ ተመልሰውም አይመጡም።

ዕውቀቱ ጠፍቶ ቢሆን ባላዘንኩ። የሕፃናት አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር ስለ ኦቲዝም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በኋላም በልጅነት የሚታዩ የተግባቦትና የማኅበራዊ ዕድገት መዛባቶች በአንድ ምድብ ተሰባሰቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አብዛኞቹ «ኦቲዝም» በሚለው ስም ተጠቃለዋል። የእናት ፍቅር ማነስ እንደማያመጣው ታውቋል። ክትባትን ጥፋተኛ ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ጽሑፍም በ2010 ተሰርዟል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ በጊዜ የተጀመረ ትምህርትና የተግባቦት ልምምድ ግን ልጁ ፍላጎቱን እንዲገልጽ፣ ራሱን እንዲችል ይረዳዋል።

መንገዱን ያሳየንም ሰው ነበረን። ዘሚ የኑስ የገዛ ልጇን ይዛ የትምህርት ቤቶችን በር ካንኳኳች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም «ልጆቻችሁን አትደብቁ» ስትል ኖረች። በኋላ ወላጆች የነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ስለ ልጆች ዕድገትና የአእምሮ ጤና ማሠልጠኛም ተዘጋጅቶላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በሀገራችን ተሞክሯል። ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ የፍጥነት መንገዱም በአጠገቧ ያልፋል። ባለሙያው ነበረ፣ ሥልጠናው ነበረ፣ ልጁም በቀጠሮው ቀን ራሱ መጥቶ ነበር። ሦስቱን ማገናኘት አቅቶን ነው ጊዜው ያለቀብን። ድህነት ያመጣው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን እያለን ያባከንነው ነው።

ያለፈው አልፏል፤ ዛሬ ልጅ ያዘላችሁ ግን ስሙኝ። ልጃችሁ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ የማያሳይ ወይም እጁን የማያውለበልብ ከሆነ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላጋጠመ፣ ወይም የጀመረውን ንግግር ከተወ፣ ጸበሉንም ዱዓውንም ሳታቋርጡ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጆሮውም ይመርመር። ክትባት የምትሰጡ ባለሙያዎች፣ መርፌውን ከማንሳታችሁ በፊት ልጁን በስሙ ጥሩት። ካልዞረ ዝም ብላችሁ አትሸኙት።